ዶክተር አልፍሬድ ሐውፕትማንና የማታዋ ክኒን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ተከታትለው ያገኛቸዋል። በገበያ ቀን በርበሬና በቆሎ በአህያ ጭኖ ከየቀበሌው የሚወጣው ገበሬ ብዙ ነው። ከእነዚህም መካከል የያዘውን ሸጦ፥ ጨውና ሳሙና ገዝቶ፥ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት በጤና ጣቢያው መስኮት ፊት ተራ የሚጠብቅ አይታጣም። ከመስኮቱ የሚቀበለው በትንሽ ከረጢት የተቋጠረ ነጭ ክኒን ነው። የሚውጠው እርሱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ የተቃጠለ ልጁ ወይም ከብት ሲጠብቅ ወንዝ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚሠጋለት ወንድሙ ሊሆን ይችላል።

ይህ ክኒን ፌኖባርቢታል ይባላል። የሚጥል በሽታን ለመከላከል ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሁሉ በዕድሜ ብዛት ያረጀ፥ በዋጋም ርካሽ የሆነ፥ በኢትዮጵያም ገጠር ከሌሎቹ ይልቅ በስፋት የሚገኝ ነው። ለዚህ በሽታ መዋል ከጀመረ ከ100 ዓመት በላይ አልፎታል። ጥቅሙን አስተውሎ ለዓለም ያሳወቀው ሐኪም ስም ግን ከክኒኑ ጋር አብሮ አልተጓዘም። የሐኪሙ ሕይወት ደግሞ መድኃኒቱን ለሚሰጥ ባለሙያ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ሐውፕትማን ኦገስት 29 ቀን 1881 በላይኛው ሲሌዢያ፥ ግላይዊትዝ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ግሊቪትሴ ተብላ ትጠራለች። ወጣቱ ሐውፕትማን ሕክምናን በሃይደልበርግና በሙኒክ ተምረው ትምህርታቸውን በ1905 ፈጸሙ። ከዚያም ወደ ሐምቡርግ ሄደው በነርቭ ሕክምና ስመ ጥር በነበሩት በፕሮፌሰር ማክስ ኖነ ሥር ሠሩ። እዚያ የተሰማሩበት ጥናት የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽን በመመርመር ቂጥኝ አንጎልን ማጥቃቱን ለይቶ ማወቅ ነበር። ይህ ሥራ ትዕግሥትን፥ መቁጠርንና መመዝገብን የሚያስተምር በመሆኑ፥ ኋላ ለሚጠብቃቸው ግኝት አዘጋጅቷቸዋል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሄዱት በደቡብ ጀርመን ወደምትገኘው ፍራይቡርግ ነው። በዚያ የዩኒቨርሲቲው የአእምሮና የነርቭ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ሆኸ ነበሩ። ሐውፕትማን ረዳት ሐኪም ሆነው ሲቀጠሩ መኖሪያቸውም በዚያው በሕክምናው ክፍል ሆነ። ማደሪያቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል በላይ ነበር ይባላል።

በዚያን ዘመን የሚጥል በሽታ ሕክምና ምን እንደሚመስል ማስታወስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ቻርልስ ሎኮክ በ1857 ፖታሲየም ብሮማይድን ለዚህ በሽታ መስጠታቸውን ካስታወቁ ወዲህ፥ ለ50 ዓመት ያህል ከብሮማይድ የተሻለ አልተገኘም ነበር። ብሮማይድ መውደቁን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቆዳን በቍስል ይሞላል፥ አእምሮን ያደነዝዛል፥ የምግብ ፍላጎትንም ያጠፋል። ስለዚህ የታማሚው ምርጫ ከሁለት ክፉ ነገር አንዱ ነበር፤ ወይ እየወደቀ መኖር፥ ወይ ሳይወድቅ ፈዝዞ መዋል። ብዙዎቹም ዕድሜያቸውን በሆስፒታል አጥር ውስጥ ይጨርሱ ነበር።

በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል በሽታው የተገኘበት ሁኔታ ከዚህ የተለየ ቢመስልም መከራው አንድ ነበር። ሕመሙ ከክፉ መንፈስ እንደ መጣ ይታሰባል፤ በሚወድቅበት ጊዜ የሚወጣው አረፋ በሽታውን ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚፈራ፥ እሳት ውስጥ የወደቀውን ሰው እንኳ ፈጥኖ የሚያነሣው ይጠፋል። ሌላው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ያሸተዋል። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ወደ ጸበል ይሄዳል። በፍራይቡርግ አጥር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውም ሆነ በጎጃም ጎጆ ጥግ የተቀመጠው ታማሚ የሚሻው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይወድቅ ማደርና አእምሮው ሳይፈዝ ማንጋት።

የሐውፕትማን ግኝት የጀመረው ከዚሁ ሌሊት ነው። የሕሙማኑ መውደቅና መንፈራገጥ፥ የአስታማሚዎቹም ሩጫ ወጣቱን ሐኪም በየሌሊቱ ይቀሰቅሳቸው ነበር። በ1912 የባየር ኩባንያ ሉሚናል የሚል ስም ሰጥቶ አንድ አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። ይህም በኬሚስቱ በሃይንሪኽ ሆርላይን የተቀመመው ፌኖባርቢታል ነበር። ሐውፕትማን ሕሙማኑ እንዲተኙ፥ እግረ መንገዳቸውንም እርሳቸው እንዲያርፉ ሲሉ ይህን መድኃኒት ሰጧቸው። ሌሊቱ ጸጥ አለ። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ያስተኛልና። ያልተጠበቀው በማግሥቱ የታየው ነው። ሕሙማኑ ነቅተው በሚውሉበት ሰዓት ጭምር መውደቃቸው ቀነሰ፤ የወደቁትም ሕመሙ እንደ ቀድሞው አልበረታባቸውም።

ሌላ ሐኪም ቢሆን እንቅልፍ በማግኘቱ ደስ ብሎት ነገሩን በዚያ ሊተወው ይችል ነበር። ሐውፕትማን ግን የሕሙማኑን የቀድሞ መዝገብ አወጡ። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ጊዜ በብሮማይድ ሲታከሙ የቆዩና በየወሩ ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ የተመዘገበላቸው ስለ ነበሩ፥ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ተቻለ። ውጤቱንም በዚያው በ1912 በሙኒክ ሳምንታዊ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 31 ዓመት ገደማ ነበር። የዘመኑን ሕክምና የለወጠው ይህ ጽሑፍ በውድ መሣሪያ የተገኘ አይደለም፤ ከሕሙማን አጠገብ ከማደርና በትክክል ከመመዝገብ የተገኘ ነው።

ይሁን እንጂ ግኝቱ ወዲያው በዓለም አልተሰማም። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ የጀርመን መጽሔቶች ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ መድረሳቸው ተቋረጠ። ሐውፕትማንም ወታደራዊ ሐኪም ሆነው ዘመቱ። ፌኖባርቢታል በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በሰፊው መነገር የጀመረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፥ በ1919ና በ1920 ነው። እንዲህ ሆኖ በጠብመንጃ ምክንያት የአንድ ክኒን ወሬ 7 ዓመት ያህል ዘገየ።

መድኃኒቱ ሲስፋፋ ሐኪሞች ሌላም ነገር ተማሩ። ፌኖባርቢታል በሽታውን ይጠብቃል እንጂ አይነቅልም። በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለው አረጋጊ ቅመም ሥራውን አጽንቶ እንዲሠራ ይረዳል፤ በዚህም የነርቭ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ተነሣሥተው እንዳይረበሹ ያደርጋል። አንጎል በበኩሉ ለዚህ ድጋፍ ይለመዳል። ድጋፉ በድንገት ሲነሣ የተገታው ሁሉ በአንድነት ይነሣል፤ ታማሚው ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ይወድቃል፤ አንዱ መንፈራገጥ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ለሞት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣና ግማሹ እንኳ ለመውጣት 3 ወይም 4 ቀን ገደማ የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ ክኒኑን ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ነኝ ይላል። አደጋው የሚመጣው ማንም ከክኒኑ ጋር በማያያዝ በማያስበው ቀን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሐውፕትማን ለጥቂት ዓመታት በፍራይቡርግ ሠርተው፥ በ1926 በሃለ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮና የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰርና የክሊኒኩ ዲሬክተር ሆነው ተሾሙ። ይህ ዘመን የዕድሜያቸው ከፍተኛ ጊዜ ነበር። በዚሁ ጊዜ ግን በጀርመን የሕክምና ሙያ ውስጥ አንድ ክፉ አሳብ እየበቀለ ነበር። የቀድሞ አለቃቸው ፕሮፌሰር ሆኸ ካርል ቢንዲንግ ከተባሉ የሕግ ሊቅ ጋር በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሊድኑ የማይችሉ የአእምሮ ሕሙማን ሕይወት ለመኖር የማይገባ ስለ ሆነ ሊጠፋ ይፈቀዳል የሚል ክርክር አቅርበው ነበር። የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሌሊቱን በዕረፍት እንዲያሳልፉ መንገድ የተገኘበትን ክሊኒክ ይመሩ የነበሩት ሰው ይህን ጻፉ።

ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933፥ በጁላይ ወር፥ በዘር ይተላለፋሉ የተባሉ በሽታዎች ያሉባቸው ሰዎች በግድ እንዲመክኑ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በሕጉ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ የሚጥል በሽታ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት እስከ አገዛዙ ፍጻሜ 400,000 ያህል ሰዎች መከኑ። በአይሁድ ላይ የወጡት ሕጎች ደግሞ ሐውፕትማንን ራሳቸውን አገኟቸው። በ1935 ከሃለ ዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተባረሩ፤ ለ9 ዓመት ያህል የመሩትን ክሊኒክ ትተው ወደ ፍራይቡርግ ተመለሱ። በኖቬምበር 1938 በመላ ጀርመን የአይሁድ ምኵራቦች በተቃጠሉበት ሌሊት ማግሥት ብዙ ሺህ የአይሁድ ወንዶች ሲታሠሩ፥ የ57 ዓመቱ ፕሮፌሰርም ተይዘው ወደ ዳኻው የማጎሪያ ሰፈር ተወሰዱ። ከዚያ ሲለቀቁ በሚቀጥለው ዓመት አገራቸውን ጥለው በስዊዘርላንድ በኩል ተሰደዱ።

እርሳቸው ከወጡ በኋላ በጀርመን የተፈጸመው ደግሞ ለሙያው የማይረሳ ኀፍረት ነው። ከ1940 መጀመሪያ እስከ ኦገስት 1941 ድረስ ብቻ 70,000 ያህል የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሕሙማን፥ ሌሎችም አካለ ስንኩላን፥ ከየሆስፒታሉ እየተወሰዱ በመርዝ ጋዝ ተገደሉ። ፓውል ኒቸ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ በላይፕሲግ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል፥ በረሀብ የተዳከሙትን ሕሙማን በየቀኑ ከልክ ያለፈ ሉሚናል በመስጠት በሳንባ ምች የሞቱ አስመስሎ የመግደል ዘዴ አወጡ። ኒቸ በድሬስደን ተፈርዶባቸው በማርች 1948 በሞት ተቀጡ። በአንድ ሐኪም እጅ ሕሙማንን ያሳረፈ መድኃኒት በሌላው ሐኪም እጅ መግደያ ሆነ። መድኃኒት በራሱ ደግ ወይም ክፉ አለመሆኑን፥ የሚሰጠው ሰው አሳብ የሚወስነው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ሐውፕትማን በመጨረሻ የገቡት አሜሪካ፥ ቦስተን ከተማ ነው። በዚያ ከእርሳቸው በፊት ከፍራይቡርግ የተባረሩት የውስጥ ደዌ ሊቅ ፕሮፌሰር ሲግፍሪድ ታንሃውዘር ነበሩ። የዕድል ነገር ሆኖ፥ ከፌኖባርቢታል ቀጥሎ የመጣው ትልቅ መድኃኒት ፊኒቶይን ለሚጥል በሽታ መጥቀሙ የታወቀው በ1938 በዚያችው ከተማ ነው። ስደተኛው ፕሮፌሰር በ58 ዓመታቸው ገደማ በባዕድ ቋንቋ ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ። በ1941 ከታንሃውዘር ጋር ሆነው፥ በአንድ የፈረንሳይ ካናዳውያን ቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መኰማተርና መድከም መርምረው አሳተሙ። ሕመሙ ኋላ በሁለቱ ስም ተጠርቷል። ከአገሩ፥ ከክሊኒኩና ከመዝገቦቹ የተነጠለ ሰው ያንኑ የቀድሞ ልማዱን፥ ማለት ሕሙማንን ቀርቦ ማየትንና በትክክል መመዝገብን፥ ይዞ መሰደዱን ይህ ሥራ ያሳያል።

በዚያው ዓመት በማርች ወር መጀመሪያ፥ ከሱዳን በኩል ወደ ጎጃም የዘለቁት አርበኞችና ተባባሪዎቻቸው ሲገፉት የፋሺስት ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሸሸ። ሐውፕትማንን ያሳደደው አገዛዝና ጎጃምን ወርሮ የቆየው አገዛዝ የአንድ ጦር ጓደኞች ነበሩ። ዘመናዊ ሕክምና ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ሊዘረጋ የቻለው ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ነው።

ፕሮፌሰር አልፍሬድ ሐውፕትማን ኤፕሪል 5 ቀን 1948 በቦስተን በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። በጀርመን ኋላ በሚጥል በሽታ ላይ ለሚደረግ ምርምር በስማቸው ሽልማት ተቋቁሟል። ዋናው መታሰቢያቸው ግን ሽልማቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ፌኖባርቢታል ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢመጡም፥ ለአንድ ታማሚ የዓመት ወጪው ጥቂት ዶላር ብቻ በመሆኑ የድሃ አገር ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የበሽታው ስፋት በቁጥር የታወቀው በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ የሆነ የገጠር ሕዝብ ቤት ለቤት ሲመረምሩ፥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ። ይህም ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ማለት ነው። ከታማሚዎቹም መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሐውፕትማን ጽሑፋቸውን ካሳተሙ 70 ዓመት አልፎ፥ ክኒናቸው የኢትዮጵያን ገበሬ ደጅ ገና አልነካም ነበር ማለት ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሽታው ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ወባ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷም ወደ ብር ወንዝ፥ ከቡሬም ወደ ዓባይ በረሃ በወረዱ ቁጥር ወባው ይበረታል፤ ክረምት ሲወጣና መኸር ሲሰበሰብ ይብሳል። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። ከወባ ዓይነቶች ብርቱው ወደ አንጎል ሲወጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ይስታል። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ግን ፈጽሞ ዳነ ማለት አይደለም። በማላዊ ከአንጎል ወባ የተረፉ 132 ልጆችን የተከታተለ፥ በ2010 የታተመ ጥናት 12ቱ ኋላ የሚጥል በሽታ እንደ ያዛቸው አሳይቷል፤ ለማነጻጸሪያ ከተያዙት 264 ልጆች ግን አንድም አልተያዘም። ጥገኛው ተውሳክ ከደም ጠፍቶ ሳለ ጠባሳው በአንጎል ይቀራል፤ ወራት ካለፉ በኋላም መውደቅ ይጀምራል። ቤተሰቡም የዛሬውን መውደቅ ካለፈው ዓመት ወባ ጋር አያገናኘውም።

ሁለተኛው ጥገኛ ተውሳክ የኮሶ ትል ነው፤ እዚህ ላይ ግን መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣው የከብት ኮሶ ትል ወደ አንጎል አይወጣም። አንጎል ውስጥ ከረጢት ሠርቶ የሚቀመጠው የአሳማ ኮሶ ትል እጭ ነው። የአሳማ ሥጋ በሃይማኖት ምክንያት በማይበላበት አገር ይህ ሕመም ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እጩ ወደ አንጎል የሚደርሰው ሥጋውን በመብላት ሳይሆን፥ ትሉ በሆዱ ካለበት ሰው ዐይነ ምድር የወጣውን እንቁላል በውሃ፥ በአትክልት ወይም በእጅ በመዋጥ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ የአሳማ ሥጋ ፈጽሞ በማይቀምሱ ሃይማኖተኛ አይሁድ ቤተሰቦች ውስጥ ይህ ሕመም ተገኝቷል፤ ምንጩም ትሉ ካለበት አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች እንደ ነበሩ ታምኗል። ስለዚህ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው በወደቀ ጊዜ አሳማ አይበላም ብሎ ጥያቄውን መዝጋት ስሕተት ነው። በዚህም ሕመም ቢሆን ትሉ ሲሞት ደረቅ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ፀረ ትሉ መድኃኒት ትሉን ይገድላል እንጂ ጠባሳውን አይፍቅም፤ የመውደቁ መከላከያ ለብቻው ይቀጥላል።

መድኃኒቱም ወሰን አለው። በኬንያ ኪሊፊ፥ የአንጎል ወባ ከያዛቸው 340 ልጆች ለግማሾቹ መንቀጥቀጥን ለመከላከል ብዙ ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ በመርፌ ተሰጥቷቸው ነበር። በ2000 በታተመው ውጤት መንቀጥቀጡ በእርግጥ ቀንሷል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 30፥ ካልወሰዱት ደግሞ 14 ልጆች ሞተዋል። ትንፋሽን የሚያግዝ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የሐውፕትማን ክኒን በልክ፥ በየማታውና በክትትል የሚሠራ እንጂ በአንድ ጊዜ ተዝቆ የሚሰጥ አይደለም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ክኒኑ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ለባለሙያው እንግዳ አይደሉም። ታማሚው ለወራት ሳይወድቅ ሲቆይ ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል። ቤተሰቡ ለሱባዔ ወደ ጸበል ሲወርድ ክኒኑ በቤት ይቀራል። በእርሻ ሥራ ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ መድኃኒት ለማምጣት የሚላክ ሰው ይጠፋል። ያገባች ሴት ሕመሟ እንዳይታወቅባት ክኒኑን ትደብቃለች፥ ኋላም ትተወዋለች። ጤና ጣቢያው ራሱ መድኃኒቱ ያልቅበታል። ከ2023 አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመድኃኒት ጭነት ይቆማል፤ ታማሚውም ከመንደሩ መውጣት ይፈራል። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም ከዚህ መከራ አልዳነችም። በ1914 የመድኃኒቱን ወሬ ያዘገየው ጦርነት እንደ ነበረ ሁሉ፥ ዛሬም ክኒኑን ከሚሻው ሰው የሚለየው ጦርነት ሆኗል።

ክኒኑን ማቆም ፈጽሞ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በ1991 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፥ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይወድቁ የቆዩ 1,013 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ካቆሙት መካከል በሚቀጥሉት 2 ዓመታት ሳይወድቁ የቆዩት ከ100 59ኙ ሲሆኑ፥ ከቀጠሉት ደግሞ 78ቱ ነበሩ። እንግዲህ ማቆም የሚቻለው ከረጅም ዕረፍት በኋላ፥ በወራት ውስጥ ልኩን ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፥ ከሐኪም ጋር በመመካከር ነው፤ ያም ሆኖ የመውደቅ ዕድል አለ። አንጎሉ በወባ ወይም በትል ጠባሳ ለያዘ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል።

በዚህ ረገድ ለገጠሩ ሕዝብ የሚስማማ አንድ ነገር አለ። ፌኖባርቢታል በቀን አንድ ጊዜ፥ ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ጾመኛውን አያውክም፤ እራት ከተበላ በኋላ ይዋጣል። ጸበልተኛውም ከጸበሉ ሳይለይ ሊውጠው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ስትዞር የቀረውን ክኒን ቆጥራ፥ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት ብታስታውስ፤ ጤና ጣቢያውም ለሩቅ ቀበሌ ታማሚ የብዙ ወር ክኒን በአንድ ጊዜ ቢሰጥ፤ መንገዱ ቢዘጋ እንኳ ሌሊቱ ሳይጠበቅ አይቀርም። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መዝገብ፥ ቆጠራና አለመርሳት ነው።

አልፍሬድ ሐውፕትማን ከክሊኒካቸው ተባረሩ፥ ከአገራቸው ተሰደዱ፥ በባዕድ ምድርም ተቀበሩ። በወጣትነታቸው ያደረጉት ግን ቀላል ነገር ነበር። ሌሊት የሚወድቁትን ሰዎች ድምፅ ሰሙ፤ ክኒን ሰጧቸው፤ በማግሥቱም ምን እንደ ሆኑ ጠይቀው ጻፉ። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ገበያ የተመለሰው ገበሬ ከረጢቱን ከጣሪያው ሥር ከሚሰቅልበት ቦታ ሰቅሎ፥ እሳቱ ሲዳፈን ለልጁ አንድ ክኒን በውሃ ሲሰጥ፥ ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። ከረጢቱ ባዶ ሳይሆን የሚሞላው ሰው ካለ ልጁ ያድራል፤ ካንቀላፋበት መደብም ሳይወድቅ ይነጋለታል።